ከበርሜሉ በላይ፣ ከበርሜሉ በታች

ሰርካለም የገዛ ወንድሟ ዛፏን ሲያሞግስ የሰማችው በማለዳ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ፊቷን ስትታጠብ ነው፤ ነገር እንደተጎነጎነባት የገባትም ያን ጊዜ ነው። አለበል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ተክል አንድ ደግ ቃል ተናግሮለት አያውቅም። ከቡሬ ሲመጣ «ጉሎው እንዴት አደረ?» ይላል፤ ሲሄድ ደግሞ «ጉሎውን ደኅና ሁን በይልኝ» ብሎ ይሄዳል። ዛሬ ግን ውርስ ሊያካፍሏቸው ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱን ወደ አጥሩ ጠጋ አድርጎ፣ ድምፁን እንደ ንስሐ ዝቅ አድርጎ፣ «የኔታ፣ እንዲህ ያለ ዛፍ እኮ በጎጃም ምድር የለም። ቅጠሉን ቢያዩት የሙሽራ እጅ ነው» ሲል ሰማችው። ሳሙናው ዓይኗ ገባ። እያቃጠላት ቆማ አዳመጠች። «ይኸውልዎ፣ የቆመው በእኔ ድርሻ ላይ ነው። ተክል ደግሞ መሬቱን ይከተላል፤ ይህን አንቱም ያውቁታል» አለ አለበል። መሪጌታ ናሁሰናይም «እንዴታ፣ ይከተላል» አሉ፤ ገና ቁርስ ስላልቀመሱ ክርክር አልፈለጉም።

ጉሎ መባሉ እንኳ ያለ ምክንያት አልነበረም። ቅጠሏ እንደ ጉሎ ጣት ጣት አለው፤ ልዩነቱ የሕፃን መዳፍ የሚያህል መሆኑና በየጣቱ ጫፍ እንሶስላ የሞቀ መምሰሉ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ጉሎ ማለት ደግሞ በቆሻሻ መጣያ ዳርና በፈረሰ አጥር ሥር፣ ማንም ሳይተክለው፣ ማንም ሳያጠጣው፣ ፍየል እንኳ ሳትቀምሰው የሚያድግ ነገር ነው። እንግዲህ አንዲት የአርባ አምስት ዓመት ሴት፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ የምታድር፣ በሥራዋ አንድ ስንዝር የማትዛነፍ ሰው፣ ጉሎ በግማሽ በርሜል ተክላ በበጋ ጃንጥላ ስትዘረጋለት ቢያይ ሕዝቡ ምን ይበል? ጎረቤቷ እህተ ማርያም፣ ጠላ የምትሸጠው፣ ነገሩን ለደንበኞቿ በአጭሩ ነበር የምታስረዳው፦ «ሰርኬ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። ዛፉ ላይ ብቻ ነው።»

ዛፊቱን የተወላት ሺጌሩ የሚባል ጃፓናዊ የሳይንስ መምህር ነው። የኋላውን ክፍል ተከራይቶ ሁለት ዓመት ኖሮ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልላ የመጣችውንና ያን ጊዜ ከእርሳስ የማትበልጠውን እንጨት ከነጣሳዋ አስረከባት። በአገሩ የዚህች ዘመዶች ብዙ ናቸው፤ ሱቅ የሚሸጠው ግን ቀይ ቀዩን ነው፤ ይህችን ድሮ የአያቱ መንደር ሰዎች ይተክሏት ነበር፤ «ጹማጋኪ» ይሏታል፤ አሁን እዚያም ቢሆን የሚያውቃት ጥቂት ሰው ነው። እንዲህ ብሎ አስረዳት። ሰርካለም ከዚያ ቀን ጀምራ ዛፏን የምታያት፣ ደኅና ቤት ተወልደው ጊዜ ጥሏቸው በሰው ቤት እንደተጠጉ እመቤት ነው። አጠገቧ ድምፅ ከፍ አድርጋ አትናገርም። «መሬት ላይ አትትከያት፤ አፈራችሁ ክረምት ውሃ ይይዝና ሥሯን ያበሰብሰዋል» ብሎ ሺጌሩ ስላስጠነቀቃትም፣ ከጣሳ ወደ ባልዲ፣ ከባልዲ ወደ ግማሽ በርሜል አዛወረቻት፤ የላህ ወንዝ አሸዋ፣ የበሰበሰ ፍግና የከሰል ስብርባሪ ለውሳ፣ በርሜሉን ከሥሩ ውሃ የሚያፈስ ቀዳዳ በጋለ ብረት በስታ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ይህች ዛፍ በዓመት ሁለት ወር ብርድ ካልመታት አትተኛም፤ ካልተኛች ደግሞ ቅጠሏ አያምርም። ፍኖተ ሰላም ሰው ይተኛባታል እንጂ ዛፍ የሚተኛባት አይደለችም። ስለዚህ ሰርካለም በየዓመቱ ኅዳር ሲጋመስ በርሜሉን በሚኒባስ ታስጭንና ፈረስ ቤት፣ አክስቷ ዘንድ፣ ከደጋው ብርድ ታደርሳታለች፤ የካቲት ላይ ሄዳ ትመልሳታለች። የሚኒባሱ ረዳት መጀመሪያ ጊዜ «ይህ ሰው ነው ዕቃ?» ብሎ ሲከራከራት፣ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ከምትጭናት ብላ የአንድ ሰው ሙሉ ሒሳብ ከፈለችና በመስኮት በኩል አስቀመጠቻት። ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ነገ ተዘጋ ሲባል ደጋ መውጣቱ ቀረ። ሰርካለም ተስፋ አልቆረጠችም፤ ከሥጋ ቤቱ ፍሪጅ በፌስታል የተጋገረ በረዶ እየለመነች በየማለዳው በርሜሉ ላይ ታደርግ ጀመር። «ሰው በሰላሙ ቀዝቃዛ ለስላሳ አጥቶ!» ብላ እህተ ማርያም ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትገረም ከረመች። ዛፊቱም እንደ ምንም ተኛች። ዛሬ፣ ታኅሣሥ አሥራ አራት ቀን፣ ሰባት ብጫ ቅጠል ብቻ ቀርቷታል፤ ቁመቷ እስከ ሰርካለም ትከሻ፣ ግንዷ የእጅ አንጓ የሚያህል።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው መሪጌታ ናሁሰናይ፣ ሰርካለምንም አለበልንም ፊደል ያስቆጠሩ፤ ሁለተኛው አቶ ተስፋው፣ ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጡ፣ ከንግግራቸው ዝምታቸው የሚያስቅ ሰው። የወንድምና የእህቱ አባት የአቶ እጅጉ ሙት ዓመት ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ዛሬ ግቢው ለሁለት ሊከፈል ነው። ቤቱና የጓሮው ወገን ለሰርካለም፣ ከአስፋልቱ የሚዋሰነው ፊት ለፊቱ ለአለበል ሆነ። አለበል እዚያ ሱቅ ሊሠራ አስቦ፣ ለመሠረቱ ቁፋሮ ክንዱ የሚባል ጢማም የቀን ሠራተኛ ከማንኩሳ አምጥቶ ከትናንት ጀምሮ ያስቆፍር ነበር። ገመድ ተዘረጋ፣ ችካል ተመታ። አልጋው፣ ሙቀጫው፣ የአባታቸው ራዲዮ፣ ሁለቱ ሶፋዎች፣ አንዱ እግሩ በጡብ የተደገፈ ቁም ሳጥን፣ ሁሉም «የቤት ዕቃ ቤቱን ይከተላል» ተብሎ ለሰርካለም ሄደ፤ አለበል በራዲዮው እንኳ ቃል አልተነፈሰም። እንዲህ ሰላም የሆነ ክፍፍል አይተው የማያውቁት አቶ ተስፋው ሰዓታቸውን አዩ። ገና አራት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ አለበል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስለ ዛፉስ?» አለ።

«ዛፉማ በርሜል ውስጥ ነው» አለች ሰርካለም፣ ከማለዳ ጀምሮ ስታዘጋጀው የቆየችውን። «በርሜል ዕቃ ነው። ድስት ውስጥ ያለ ወጥ የማን ነው? የባለ ድስቷ።»

አቶ ተስፋው ፈገግ አሉ። መሪጌታም ምሳሌው ጣማቸው፤ ግን ከወንድም ወገን ደግሞ ምን እንደሚመጣ ለማየት ጢማቸውን ይዘው ጠበቁ። አለበል የጠበቀው ይህንኑ ነበር። «ዕቃ ከሆነማ ይነሳላ» አለ። «እታለም፣ አንሺውና ይዘሽው ግቢ። እኔ ምን ቸገረኝ።»

ሰርካለም በርሜሉን አቀፈችና ሳበችው። አልተነቃነቀም። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ደግማ ሳበች፤ ወይ ፍንክች። እህተ ማርያም ከአጥሩ ወዲያ ስታይ ቆይታ ኖሮ፣ «ቆይ ሰርኬ፣ አያያዙን አላወቅሽበትም» ብላ ገባች፤ የጠላ ጋን ያነሳ ክንዷን ሰብስባ በአንድ ወገን ያዘች። ሁለቱም ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። በርሜሉ እንደ ደብር ቆመ። ለጠላ የመጡ ሁለት ሰዎች ጠላቸውን አጥሩ ላይ አስቀምጠው ተቀላቀሉ፤ አንዱ «በሞቴ ለእኔ ተዉት» ብሎ ብቻውን ሞክሮ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። አንድ ባጃጅ ነጂ ከአስፋልቱ ላይ አቁሞ «ምን ተገኘ?» አለ፤ «ጉሎ አልነቀል አለ» ሲሉት ሞተሩን አጠፋና መጣ። ስምንት ሰው ሆኑ። ለቅሶ ቤት የተሰበሰቡ ይመስል ግቢው ሞላ፤ ግን ሁሉም ይስቃል፣ ሰርካለም ብቻ ናት የማትስቀው። አለበል በዚህ ሁሉ መሀል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ መልሱን አስቀድሞ እንዳየ ተማሪ ቆሟል። በመጨረሻ «ክንዱ፣ አሳያቸው» አለ። ክንዱም ጎንበስ ብሎ ከበርሜሉ ሥር ያለውን አፈር በጣቱ ጠረገና፣ ከውሃ ማፍሰሻው ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ምድር የገባውን አውራ ጣት የሚያህል ሥር አሳየ። ትናንት ሲቆፍር ነው ያገኘው። በሁለቱ ዓመት፣ ዛፊቱ ደጋ ሳትወጣ አንድ ቦታ ተቀምጣ ስትከርም፣ ቀስ ብላ በርሜሏን በስታ ወርዳለች።

ሰርካለም ሥሩን አየችው። ያደረባት ስሜት ልጇ ሳታማክራት አግብታ እንዳገኘቻት እናት ያለ ነው። «መቼ?» አለች ለዛፊቱ፣ በሹክሹክታ።

«እንግዲህ መሬቱን ይዟል» አለ አለበል። «ይዟል ወይስ አልያዘም?»

«ይዟል» አሉ መሪጌታ።

እዚህ ላይ ሰርካለም በሕይወቷ አስባው የማታውቀውን ተናገረች። አንድ እጇን ከኋላዋ ሰዳ የዛፊቱን ቅርንጫፍ ይዛ፣ ይቅርታ እንደመለመን እያሻሸች፣ «የኔታ፣ ይህ እኮ ዛፍ አይደለም፤ ደርቋል። ያዩታል፣ ቅጠሉ ረግፏል። ማገዶ ነው። ማገዶ ደግሞ የማድ ቤት ነው» አለች። ሕዝቡ አጉረመረመ። ሁሉም ለዓመታት ሲላት የኖረውን አሁን ከእሷ አፍ ሲሰማው ደስ አላለውም። አለበል ግን እሳት ሆነ። «የምን ማገዶ! የተኛ ነው እንጂ!» አለና ዘሎ መጣ። በጥፍሩ የቅርንጫፉን ልጥ ፋቅ አድርጎ ከሥር ያለውን እርጥብ አረንጓዴ ለሽማግሌዎቹ አሳየ። «ይኸው! ይኸውልዎ የኔታ! እምቡጡንስ አያዩትም? ቀይ ቀዩን? በየካቲት መጀመሪያ ሮዝ ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ ብጫማ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጫፉ ብቻ ቀይ ይቀራል። ይህን ነው ማገዶ የምትይው? ነውር አይደለም?» ሰርካለም ቅርንጫፉን ለቀቀችው። አሥራ አንድ ዓመት ጉሎ ሲል የኖረ ሰው የእያንዳንዱን ወር ቀለም በቃሉ ይዞታል።

አቶ ተስፋው ከማለዳ ጀምሮ የመጀመሪያቸውን ረጅም ዐረፍተ ነገር ተናገሩ። «አለበል፣ እግዚአብሔር ያሳይህ፣ ይህ ነገር ለምንህ ነው?»

«ለጥላ» አለ አለበል። «ሱቅ ስሠራ ደንበኛ ይጠለልበታል።»

«ጥላው ለአንድ ዶሮ ነው የሚበቃው።»

«ቡሬ ወስጄ ሆቴል ደጃፍ ላይ...»

«የቱ ሆቴል?»

አለበል ጫማውን አየ፤ ከዚያ በርሜሉን አየ። «አባባ ሲታመሙ ጀርባቸውን አስደግፈው ጸሐይ የሚሞቁት እዚህ ነበር አሉ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ሠላሳ ኪሎ ሜትር ናቸው፤ መንገዱ ተዘግቶ በነበረበት፣ አባታቸው በሞቱበት በዚያ ወር ግን የደረሰ ሰው አልነበረም፤ አለበልም የደረሰው ለሦስተኛው ቀን ሐዘን ነው። አባታቸው እዚህ ይደገፉ እንደነበር ሰርካለም አልነገረችውም። ማን እንደነገረው አላወቀችም። በርሜሉ ጎን ላይ፣ አባቷ የተደገፉበት ቦታ ዝገቱ ለስልሶ የሚያበራ እንደሆነም አልነገረችውም፤ ግን አለበል አሁን ቆሞ የሚያየው ያንኑ ነው። ወንድምና እህት ስለዚያ ወር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም ነበር፤ አሁንም አልተነጋገሩም።

መሪጌታ ናሁሰናይ ግን ፊታቸው ቀስ እያለ በራ። አርባ ዓመት አስተምረው፣ ሠላሳ ዓመት አስታርቀው፣ እንዲህ ያለ አጋጣሚ አንድም ጊዜ አልገጠማቸውም ነበር። ኩታቸውን አስተካከሉ። ጭራቸውን አንስተው አስቀመጡ። «ሰማችሁ?» አሉ፣ በቅዳሴ ድምፅ። «እሱ ከሥሩ የእኔ ነው ይላል። እሷ ከላዩ የእኔ ነው ትላለች። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ስለዚህ እኩል ትካፈላላችሁ። አንተ ክንዱ! መጥረቢያህን አምጣና ይህን ዛፍ ከአናቱ እስከ ሥሩ ለሁለት ሰንጥቀው!»

«ውይ፣ ሰሎሞን!» አለች እህተ ማርያም በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታዋ እስከ አስፋልቱ ይሰማል።

ችግሩ ይህ ነበር፦ ግቢው ውስጥ ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው አልነበረም። በተለይ ሁለቱ፣ አለበልና ሰርካለም፣ በልጅነታቸው ከእኒሁ ከመሪጌታ ከራሳቸው አፍ፣ በአንድ ቁርበት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሰሙት ነው። እውነተኛዋ እናት ምን እንዳለች፣ ያለችውም ምን እንዳተረፈላት አሳምረው ያውቃሉ። ስለዚህ የመሪጌታ ቃል ገና ከአየር ሳይወርድ ሁለቱም በአንድ አፍ ጮኹ።

«አይሰንጠቅ! ለእሱ ይሰጠው!»

«አይሰንጠቅ! ለእሷ ይሁን!»

ከዚያ ተያዩ።

«እኔ ነኝ ቀድሜ ያልኩ» አለ አለበል።

«አንተ? እኔ ስጨርስ አንተ ገና ‹አይ› ላይ ነበርህ!»

«የኔታ፣ እኔ ለእሷ ትቻለሁ፤ ከልቤ ነው። ይመዝገብልኝ።»

«እኔም ትቻለሁ! ይውሰደው! እንዳይሰሙት የኔታ፣ የእሱ መተው የውሸት ነው!»

«የአንቺስ?»

«ዝም በል! ላንተ ሰጥቼሃለሁ አልኩ!»

ባጃጅ ነጂው ሆዱን ይዞ አጥሩን ተደገፈ። ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ ወንድምየው ቀደመ አለ፣ ገሚሱ እህትየው፤ ወገቡን የያዘው ጠጪ «እኔ ምስክር ነኝ፣ እኩል ነው ያሉት» ብሎ ማለ። መሪጌታ ናሁሰናይ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚህ በኋላ ያለው ፍርድ መጽሐፉ ላይ የለም። ሁለት እውነተኛ እናቶች የቀረቡበት ችሎት ታይቶ አያውቅም። ወደ አቶ ተስፋው ዞር አሉ፤ አቶ ተስፋውም ዓይናቸውን ከምድር ሳያነሱ፣ «የኔታ፣ ሰሎሞን እኮ የቀናው ታሪኩ ገና ስላልተጻፈ ነው» አሉ።

በዚህ መሀል አንድ ሰው ሥራውን ይሠራ ነበር። ክንዱ መጥረቢያውን አምጥቶ፣ መዳፉ ላይ ምራቅ እንትፍ ብሎ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆሟል። ኋላ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። «ታሪኩንማ አውቀዋለሁ» አለ። «ግን እዚያ ላይ ንጉሡ ሰይፍ የያዘውን ሰው ‹ተው› ይለዋል። እኔን ማን ተው አለኝ? አንዱ ለእሷ ስጡ ይላል፣ አንዷ ለእሱ ስጡ ትላለች። የኔታ ሰንጥቅ ብለዋል፤ እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ።» እናም መጥረቢያውን አነሳ። ጸሐይ ስለቱ ላይ ብልጭ ስትል ነው ሰርካለም ያየችው። ጩኸቷ ቃል አልነበረውም፤ ይህኛው ከታሪኩ የተወሰደ አልነበረም። አለበል ግን አልጮኸም። ከቆመበት ተወርውሮ በትከሻው በርሜሉን ገጨው።

ስምንት ሰው ያቃተውን አንድ ሰው ገፋው። በርሜሉ በአንድ ጎኑ ብድግ አለ፣ ዛፊቱ አዘነበለች፣ መጥረቢያው ግንዷ ከነበረበት ባዶ አየር አልፎ፣ ከተነሳው በርሜል ሥር፣ ከአፈሩ ውስጥ ስጥም ሲል «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። በርሜሉ ከነዛፉ ተንከባለለና ሰርካለም እቅፍ ውስጥ ገባ። እሷም ይዛው ወደ ኋላዋ ተቀመጠች። ከሰባቱ ቅጠል ሦስቱ አናቷ ላይ ወረዱ። አለበል በደረቱ ተዘርሯል። እህተ ማርያም፣ «ተነሳ እኮ! ዕቃ ሆነ!» አለች።

እውነትም ተነስቷል። መጥረቢያው ያን አውራ ጣት የሚያህል ሥር ልክ በቀዳዳው አፍ ላይ፣ በምላጭ እንደ ተቆረጠ አድርጎ ለሁለት ለይቶታል። ግማሹ በርሜሉ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ምድር ውስጥ። ሁሉም ወደ መሪጌታ ዞረ። መሪጌታ ናሁሰናይ ደግሞ ከአርባ ዓመት ማስተማር የተማሩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ያላሰቡት ነገር ሲሳካ ፊትን እንዴት እንደሚያደርጉ ነው። የተዘረጋ እጃቸውን በክብር ሰበሰቡ። «ተፈጸመ» አሉ። «ከበርሜሉ በላይ ያለው የእሷ። ከበርሜሉ በታች ያለው የእሱ። እንዲህ ነው የሚከፈል።» አቶ ተስፋውም ሰዓታቸውን አይተው «ምሳ» አሉ።

ከምሳ በኋላ ሕዝቡ ተበተነ፤ ባጃጅ ነጂው እንኳ ታሪኩን ጭኖ ሄደ፣ እስከ ማታ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ለተሳፈረ ሁሉ ሲያወራው ዋለ። ሰርካለም በርሜሉን ከቤቱ ጥላ ሥር አስጠግታ፣ የተቆረጠውን ጫፍ በጨርቅ መቀሷ አስተካከለች፣ የፈሰሰውን አሸዋ ሰብስባ መለሰች። ዛፊቱ ተኝታ ስለነበር ምንም አልሰማችም፤ ቅጠል ያላት ጊዜ ቢሆን ኖሮ አበቃላት ነበር። ሰርካለም ይህን እያሰበች ግንዷን ዳበሰች፤ ከዚያ ደግሞ አለበል በአየር ላይ ሲሄድ፣ ያ ቦርጩ፣ ያ አዲሱ ጃኬቱ፣ ድንገት ታያትና ብቻዋን መሳቅ ጀመረች። መቀሷን ይዛ፣ በርሜሉን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቀና ስትል ግን ወንድሟ አልሄደም። በርሜሉ በነበረበት ቦታ ቁጢጥ ብሎ፣ ክንዱ ሊያነሳው የነበረውን የተቆረጠ ሥር በሁለት እጁ አፈር ያለብሰዋል። ክንዱ ድጅኖውን ተደግፎ ከላዩ ቆሟል።

«ይህ የእኔኛው፣» አለ አለበል ሳያያት፣ «ይበቅላል እንዴ?»

ሰርካለም ለመቀለድ አፏን ከፈተችና ተወችው። ሄዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «እንጃ» አለች። «ሺጌሩ ሲነግረኝ፣ የላይኛዋ በራሷ ሥር አይደለም የቆመችው። ሌላ ዛፍ ተቆርጦ እላዩ ላይ ነው የተቀጠለችው። ሥሩ የዚያኛው ነው። ቢበቅልም እሷን አይሆንም።»

«ታዲያ ምን ይሆናል?»

«ሌላ። የራሱን።»

«ቅጠሉ ምን ይመስላል?»

ሰርካለም አሰበች። አሥራ አንድ ዓመት አጠጥታዋለች፣ ደጋ አውጥታዋለች፣ በረዶ ለምናለታለች፤ አንድም ቀን ግን ፊቱን አይታው አታውቅም። «አላውቅም» አለች። «ማንም አይቶት አያውቅም። ከታች ሆኖ ሲሸከማት ነው የኖረው።»

አለበል ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ሰርካለም አውቃዋለች፤ ሰባት ዓመቱ ሳለ፣ ከሁሉ ልጅ ትልቁን ብይ ሲያገኝ የሚመጣ ፊት ነው። አፈሩን በመዳፉ ጠፍጠፍ፣ ጠፍጠፍ አደረገ። «ማንም አይቶት የማያውቅ» አለ። «የአንቺን እኮ ጃፓንም ያውቃታል።»

«ጥቂት ሰው ነው የሚያውቃት!»

«ጥቂት ሰው፣ ጥቂት ሰው ነው። የእኔን ማንም።» ተነስቶ ጃኬቱን አራገፈ። «ክንዱ፣ ያንን የመሠረቱን ችካል ንቀለውና አንድ እርምጃ ወደ አስፋልቱ አስጠጋው። መሠረቱ እዚህ አያልፍም።»

ክንዱ ችካሉን አየ፣ የተደለደለውን ባዶ አፈር አየ፣ ወንድምና እህቱን ተራ በተራ አየ። «አንድ እርምጃ ካነሳንለት» አለ በጥንቃቄ፣ «ሱቁ ለሱቅ ይጠባል። ለፀጉር ቤት እንኳ እንጃ።»

«አንድ ወንበር ያለው ፀጉር ቤት ይሆናል» አለ አለበል፤ ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እቴ፣ ያ ሥጋ ቤት፣ በረዶ ለሌላ ሰውም ይሰጣል?»